የመሠረት ገንዘብ ከመላክሽ በፊት አፈሩ ይመርመር

ከቤይሩት፣ ከሪያድ ወይም ከኩዌት ሆነሽ አገር ቤት ቤት የምታሠሪ ከሆነ አንድ ቀን «መሠረት ልናወጣ ነው፣ ብር ላኪ» መባልሽ አይቀርም። ያኔ ከብረትና ከሲሚንቶ ዋጋ በፊት «አፈሩ ተመርምሯል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ጣሪያ ቢበላሽ ይቀየራል። መሠረት ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ ይስተካከል ቢባል የሌላ ኮንትራት ደመወዝ ሊበላ ይችላል።

በብዙ ደጋ አካባቢዎች፣ በአዲስ አበባም ለምሳሌ ቦሌና አቃቂ በኩል፣ አስቸጋሪው መረሬ ወይም ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቤቱን እኩል ቢያነሳው ጉዳቱ ባልከፋ ነበር፤ ግን የቤቱ ዳር ሲነሳና ሲወርድ መሃሉ ባለበት ይቀራል። ከዚያ ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ጀምሮ ሰያፍ ይሰነጠቃል፣ በሩም አልዘጋ ይላል። «ትንሽ ቪላ ስለሆነ ምርመራ አያስፈልገውም» ቢሉሽ አትቀበዪ። ቀላል ቤት አፈሩን ተጭኖ የሚይዝበት ክብደት ስለሌለው እንዲያውም ይብስበታል።

ያለ ወጪ የሚታይ ነገርም አለ። ወንድምሽ ወይም ቤቱን የሚከታተልልሽ ሰው ሰፈሩን በቪዲዮ ያሳይሽ፦ የጎረቤት አጥር ተሰንጥቋል? የመብራት ምሰሶው ዘሟል? በበጋ መሬቱ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለ?

ዋናው ምርመራ ግን የሙከራ ጉድጓድ ነው። ቤቱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ፣ መሠረቱ ከሚደርስበት ጥልቀት አልፎ ይቆፈራል። አንዱ ጥግ ቀይ ሆኖ ሌላው ጥቁር ሊሆን ስለሚችል አንድ ጉድጓድ አይበቃም። ሜትር ተዘርግቶ አፈሩ ስንት ላይ እንደሚለወጥ በፎቶ ይላክልሽ። ፎቅ ከሆነ በማሽን ቦሪንግ ይደረጋል፤ 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ ናሙና መውሰጃው 30 ሴንቲ ሜትር ለመግባት ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ አፈሩ ልል ነው።

ናሙናው ላቦራቶሪ ሲገባ የእብጠት ምርመራም እንዲሠራለት ጠይቂ። 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ የተነፋ አፈር ውሃ ውስጥ ይጨመርና 24 ሰዓት ይቆያል። 15 ሚሊ ሊትር ሆኖ ቢገኝ 50 በመቶ አበጠ ማለት ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ውሃውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጥቁር አፈር ውሃ የሚያሳልፈው በዝግታ ስለሆነ ጉድጓዱ በተቆፈረ ዕለት ደረቅ ቢመስልም በማግስቱ፣ ከዚያም በኋላ ይታይ፤ ውሃ ካለ ከላይ እስከ ውሃው ስንት ሜትር እንደሆነ ይለካ። ሚያዝያ ላይ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ ነሐሴ ላይ ውሃ ሊያቁር ስለሚችል የጎረቤት የውሃ ጉድጓድ በክረምት እስከ የት እንደሚሞላ መጠየቅ ጥሩ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድና የምድር ቤት አሠራርም በዚህ ይወሰናል።

ሪፖርቱ ማህተም ያለበት የመጨረሻው ገጽ ብቻ ሳይሆን ሙሉው ይላክልሽ። ጉድጓዶቹ የት እንደተቆፈሩ፣ ውሃው የተለካበት ቀን፣ መሠረቱ ስንት ሜትር መውረድ እንዳለበትና መሬቱ የሚሸከመው ጭነት መጻፍ አለበት። እነዚህ ከሌሉበት ክፍያውን አትጨርሺ። ፎርማኑ «ገረጋንቲ እንሞላበታለን» ካለሽ ጥቁሩ አፈር መጀመሪያ ይወጣ እንደሆነ ጠይቂው። በላዩ ላይ መሙላትና አውጥቶ መተካት አንድ አይደለም፤ ሲተካም እየተረበረበ፣ ውሃ እየጠጣ፣ እየተጠቀጠቀ ነው። ምን ያህል እንደሚወጣ የሚወስነው ሪፖርቱን ያየ መሐንዲስ ነው።

ጉድጓዱ ለውሃው ሲባል ክፍት ስለሚያድር ይታጠር፣ ልጅም ከብትም እንዳይገባበት። ደረት የሚያልፍ ጥልቀት ሲኖረው ግድግዳው ሳይደገፍ ማንም አይውረድበት፤ ሊናድ ይችላል።