ጠላ፦ ከአክሱም ድንጋይ እስከ ካላክላ



ስለ አገር ታሪክ ሲጻፍ ነገሥታትና ጦርነቶች ይቀድማሉ፤ ጋንና እንስራ ግን እምብዛም አይነሡም። ሆኖም የሕዝብ ታሪክ በማጀትም ይገኛልና፣ በዚህ እትም ስለ ጠላ አመጣጥና ጠባይ ጥቂት እንላለን። ዓላማችን ጠጡ ለማለት አይደለም፤ ሃይማኖቱ የሚከለክለው ወገናችን ጉዳዩን እንደ ታሪክ ይመልከተው።

በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ ስለ ቤጃዎች ይናገራል። ቤጃዎች ዛሬም በምሥራቅ ሱዳን የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። አምፀው በተሸነፉ ጊዜ ስድስት አለቆቻቸውና 4,400 ሰዎች ከአገራቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። በመንገድም ሥጋና ዳቦ፣ ከእህል የተጠመቀ መጠጥ፣ ወይንና ውኃ ተሰጣቸው። እንግዲህ ከጠመቃችን ጥንታዊ የጽሑፍ ምስክሮች አንዱ የተፈናቃዮች ቀለብ ዝርዝር ነው ማለት ነው።

አሠራሩን እናቶቻችን ያውቁታል። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ጭስም ይታጠናል። ጌሾው በውኃ ይጠነሰሳል፤ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይከተላሉ። ከዚያ እንኩሮው ተነኩሮ ይደፈደፋል፤ ሲበቃው ውኃ ይሞላበትና የጋኑ አፍ ይመረጋል። ወፍራሙ ከተቀዳ በኋላ ውኃ ተጨምሮ የሚወጣው ቀጭኑ ቅራሪ ነው፤ አተላው ለከብት ይሆናል። ትግሬው ስዋ፣ ኦሮሞው ፋርሶ ይለዋል። የጠላ ጠባይ በሦስት ነገር ይታወቃል፦ በጌሾ ምሬት፣ በእንኩሮ ጥቁረትና በወይራ ጭስ።

ይህን «ኋላ ቀር» የሚሉ አሉ። ነገር ግን አውሮፓም ለቢራ መራራ ተክል ይጠቀማል። የባቫሪያ መሳፍንት በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ ብቻ ይሠራ ብለው ደነገጉ። ሆፕስ ለእነርሱ፣ ጌሾ ለእኛ እንደ ማለት ነው። በጀርመኗ ባምበርግ ከተማም ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት ቢራ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተነሡ አነስተኛ ጠማቂዎች ጭስ የጠጣውንና ያልተጣራውን ቢራ እንደገና አክብረው ይዘውታል። እኛ ጉሽ የምንለውን ማለት ነው።

በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ደርግ ወረሰው፤ በኋላም ለውጭ ኩባንያ ተሸጠ። ፋብሪካው ስምና ታሪክ ተጻፈለት። ልጆቿን በጠላ ሽያጭ ያሳደገችው ሴት ግን ስሟን የጻፈላት የለም።

ወደ ሱዳን ስንመጣ መሪሳን እናገኛለን። የሱዳን ሴቶች የማሽላ ሊጥ ያቦካሉ፤ ከፊሉን በእሳት ላይ እስኪጠቁር ያበስሉና «ስሪጅ» ይሉታል፤ ከዚያ ብቅል ይጨምሩበታል። ከእንኩሯችን ጋር የሥጋ ዘመድ ነው! ልዩነቱ መሪሳ ጌሾ የለውም፤ ስለዚህ የእኛው ይመርራል፣ የእነርሱ ይኮመጥጣል። ሱዳናዊው ሳይንቲስት ሐሚድ ዲራር በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን የሴቶች ዕውቀት መዝግበው አቆይተዋል።

በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. የኒሜሪ መንግሥት የሸሪዓ ሕግ ሲያውጅ አልኮል ወደ ዓባይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ሌላ የዕለት እንጀራ ያጡ ጠማቂ ሴቶች፣ ይልቁንም ከደቡብና ከምዕራብ ሱዳን የተፈናቀሉት፣ በግርፋትና በኦምዱርማን የሴቶች እስር ቤት ተቀጡ። በስደት የምትጠምቅ የአገራችን ሴትም ከዚያ ሕግ ውጭ አልነበረችም። በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣት ተፈቀደ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት ካርቱምን አቃጠለ፤ ከካላክላም ብዙዎች ዳግም ተሰደዱ።

በስደት ጋን አይሸከሙም። ወይራና ጌሾ በሌለበት የተወለደ ልጅ «ጥንስስ» የሚለውን ቃል የሚሰማው ምናልባት በተረት ብቻ ነው። ስለሆነም መጠጡ ቢቀር እንኳ ዕውቀቱ አይቅር እንላለን። የምታውቁ እናቶች ንገሩ፤ ፊደል የቆጠራችሁ ወጣቶች ጻፉ። ኢዛና የተፈናቃዮቹን ቀለብ በድንጋይ ጽፏል፤ እኛ የእናቶቻችንን ሙያ በወረቀት መጻፍ አያቅተንም።