ታርጋና የመኪና ዕድሜ፤ ከውጭ ስለሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች የተደረገ ታሪካዊ ጥናት

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የተነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የሚጥለው በታርጋው ላይ ነው። ሞተሩን መመርመር ዕውቀት ይጠይቃል፤ ሊብሬውን ማየት የባለቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ታርጋው ግን ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የተገለጠ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር ሕዝቡ ከታርጋው ፊደልና ቍጥር የመኪናውን ዕድሜ ማንበብ ተማረ። መኪናው በዚያው አገር አዲስ ሆኖ የተሸጠ ከሆነ ይህ ንባብ እምብዛም አያሳስትም። በሌላ አገር አገልግሎ የመጣ እንደ ሆነ ግን ታርጋው የሚናገረው ዘመንና መኪናው በእውነት የኖረው ዘመን ይለያያሉ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ ልዩነት ከምን እንደ መነጨና መንግሥታት ሊያርቁት ሲነሡ ምን እንዳገኛቸው ነው። ምሳሌያችንን አብልጠን የምንወስደው ከእንግሊዝ አገር ነው፤ የዘመን ፊደልን በታርጋ ላይ በማተም ረጅም ልምድ ያላት እርስዋ ናትና። ከዚያም ወደ አየርላንድ፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ፣ በመጨረሻም ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን። በሌላ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር ዓመቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1903 ባወጣው የኦቶሞቢል ሕግ መሠረት ከ1904 መባቻ ጀምሮ ማንኛውም መኪና መመዝገብና ቍጥሩን በግልጽ ማሳየት ግድ ሆነበት። ያው ሕግ የፍጥነትን ወሰን በሰዓት ከ14 ማይል ወደ 20 ማይል ከፍ ስላደረገ፣ ቍጥሩ የተፈለገው አጥፍቶ የሚያመልጠውን ነጂ ለይቶ ለመያዝ ነበር። ፊደሉ የሚያመለክተው የመዘገበውን አውራጃ ብቻ ነው፤ «ኤ» የሎንዶን ነበረ። «ኤ 1» የተባለውን ቍጥር የያዙት የፈላስፋው የበርትራንድ ራስል ታላቅ ወንድም ኧርል ራስል ናቸው፤ ባለጠጎች ለታርጋ መሽቀዳደማቸው እንግዲህ የዛሬ ነገር አይደለም። ዋናው ቁም ነገር ግን ይህ ነው፤ ስለ ዘመን የሚናገር ምልክት በታርጋው ላይ ፈጽሞ አልነበረም። ታርጋ ቦታን ይናገር ነበር እንጂ ጊዜን አይናገርም ነበር።

ጊዜ ወደ ታርጋው የገባው ታስቦበት አይደለም ማለት ይቻላል። መኪናው በዝቶ ቍጥሩ ባለቀ ጊዜ፣ አዲስ ቍጥር ለማግኘት ሲባል በታርጋው መጨረሻ በያመቱ የሚለወጥ አንድ ፊደል ተጨመረ። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ በየካቲት 1963 የጀመረው የሚድልሴክስ አውራጃ ነው፤ በ1965 አሠራሩ ለሁሉም አውራጃዎች ግዴታ ሆነ። መዝጋቢዎቹ የፈለጉት ቍጥር ነው፤ ሕዝቡ ግን ያገኘው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ጎረቤት የጎረቤቱን መኪና ዕድሜ ከመስኮቱ ሆኖ ማንበብ ቻለ፤ አዲሱን ፊደል መያዝም ክብር ሆነ። ፊደሉ በጥር መባቻ ሲለወጥ ለነጋዴዎች ስላልተመቸ ለውጡ በ1967 ወደ ነሐሴ ተዛወረ፤ በዚህ ምክንያት «ኢ» የተባለው ፊደል የቈየው ሰባት ወር ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ገዥው ሁሉ ነሐሴን መጠበቅ ያዘ። ነገሩ እየባሰ ሄዶ በ1990ዎቹ የዓመቱ ሽያጭ ሩብ ያህሉ በዚያ በአንድ ወር ይፈጸም ነበር፤ በ1999 ፊደሉ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለት በመጋቢትና በመስከረም፣ እንዲለወጥ የተደረገው ይህን ግፊት ለማቃለል ነው። ለቍጥር ማብዣ የገባ አንድ ፊደል የአንድን ታላቅ አገር ፋብሪካዎችና ሱቆች የሥራ ዘመን ሲያዛባ ማየት የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ፊደሉ የሚመሰክረው ስለ ምን ቀን ነው? የፋብሪካው ቀን አይደለም፤ መንግሥት መኪናውን በመዝገብ ያሰፈረበት ቀን ነው። በአገር ውስጥ ተሠርቶ ወዲያው ለተሸጠ መኪና ሁለቱ ቀኖች ይቀራረባሉ። ሳይሸጥ በመጋዘን የከረመ መኪና እንኳ ልዩነቱ የወራት ነው። ሁለት ልደት ያለው መኪና ግን አለ፤ አንድ ጊዜ ከፋብሪካ ይወለዳል፣ ሁለተኛ ጊዜ ከጉምሩክ በር። በውጭ አገር ስድስት ዓመት የተነዳ መኪና የቀድሞ ወረቀቱ ካልተመረመረ በሁለተኛው ልደቱ ስም ይመዘገባልና፣ ከፋብሪካ ትናንት ከወጣው ጋር አንድ ፊደል ይይዛል። የጦር ሠራዊት ንብረት ሆኖ ኖሮ ለሲቪል የተሸጠ መኪናም እንዲሁ ነው፤ ሲያገለግል የሠራዊቱን ቍጥር ይዞ ስለ ኖረ በሲቪል መዝገብ ሲገባ እንደ አዲስ ነው።

የመኪና ምዝገባ በ1974 ከየአውራጃው ወጥቶ በስዋንሲ ከተማ ባለው ማዕከል ከተጠቃለለ በኋላ፣ ለዚህ ችግር አንድ መፍትሔ ተፈለገ። ከ«ኤ» እስከ «ዋይ» ያሉት 21 ፊደሎች አልቀው በነሐሴ 1983 ፊደሉ ከኋላ ወደ ፊት በዞረ ጊዜ፣ «ኪው» የተባለው ፊደል ለብቻው ዕድሜው ወይም ማንነቱ በማስረጃ ላልተረጋገጠ መኪና ተመደበ። ማስረጃ ያለው ከውጭ የመጣ መኪና እንደ ዕድሜው ፊደል ያገኛል፤ ማስረጃ የሌለው «ኪው» ይለጠፍበታል። ይህን ፊደል ከታሪክ አንጻር ስንመለከተው እጅግ የሚደነቅ ሆኖ እናገኘዋለን፤ አንድ መንግሥት «አላውቅም» ብሎ በብረት ላይ ያተመበት ጊዜ ብዙ አይደለምና። ባለመኪናዎች ግን አልወደዱትም፤ ገዥን የሚያስጠነቅቅ ፊደል ዋጋ ይቀንሳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ደንብ አለ። የእንግሊዝ ሕግ ባለቤቱ ታርጋውን በሌላ እንዲለውጥ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን አዲሱ ታርጋ መኪናውን ከዕድሜው በታች ወጣት ማስመሰል የለበትም። ሽማግሌ ቢያስመስለው አይከለከልም። ወጣት መምሰል ማታለል፣ ሽማግሌ መምሰል ግን የባለቤቱ ጉዳይ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን በዚሁ መንግሥት ውስጥ የምትገኘው ሰሜን አየርላንድ የ1903ን አሠራር ሳትተው ስለ ቀረች፣ «አይ» ወይም «ዜድ» የተባለው ፊደል የሚገኝባቸው የእርስዋ ታርጋዎች የዘመን ምልክት የላቸውም። ስለዚህ የመኪናውን ዕድሜ ሊሸሽግ የፈለገ የሎንዶን ሰው የሰሜን አየርላንድን ቍጥር ገዝቶ ይለጥፋል፤ ምንም ሕግ አላፈረሰም። ውሸት አልተናገረም፤ ዝም አለ እንጂ። በመስከረም 2001 የመጣው የዛሬው አሠራር የዘመኑን ፊደል በሁለት አሐዝ ቢተካውም፣ ይህ በር እንደ ተከፈተ ነው።

የአየርላንድ ሪፑብሊክ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መንገድ መረጠች። ከ1987 ጀምሮ የዓመቱ የመጨረሻ ሁለት አሐዞች በታርጋው መጀመሪያ ይጻፋሉ፤ በ87 የሚጀምር ታርጋ የ1987 ነው። በ2013 ዓመቱ ለሁለት ተከፍሎ 131 እና 132 ተባለ፤ የሽያጩን ወቅት ለመከፋፈል ነው ቢባልም፣ 13 የሚለው ቍጥር ገፊ ነው ብለው የሚፈሩ ገዥዎች እንዳይሸሹ መታሰቡም ታውቋል። ከውጭ ለመጣ ያገለገለ መኪና በታርጋው የሚጻፈው አየርላንድ የገባበት ዓመት ሳይሆን በየትኛውም አገር መጀመሪያ የተመዘገበበት ዓመት ነው። የእንግሊዝ ገንዘብ በ2016 ከረከሰ በኋላ ያገለገሉ መኪናዎች ከእንግሊዝ ወደ አየርላንድ በብዛት ሲጎርፉ፣ ይህ ደንብ ለገዥው ትልቅ ጥበቃ ሆኖታል።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ አንድ ነገር ማስተዋል አለበት። የከተማ መንገድ የሚታይበትን አሮጌ ፎቶግራፍ ዘመን ለመወሰን በሥዕሉ ያሉትን ታርጋዎች ማንበብ የተለመደ ዘዴ ነው፤ በ«ኢ» የሚያልቅ የእንግሊዝ ታርጋ የታየበት ሥዕል ከ1967 በፊት ሊነሣ አይችልም። ለዚህ ሥራ የሚጠቅመን የምዝገባው ቀን ነው። ለገዥው ታማኝ የሆነው የአየርላንድ ታርጋ ግን መኪናው ወደ አገሩ የገባበትን ቀን ይሸሽግብናል፤ ገዥውን የሚያሳስተው ደግሞ ለእኛ እውነቱን ይነግረናል። በታርጋ ላይ ያለው ቦታ ለአንድ ቀን ብቻ ስለሚበቃ፣ አንደኛው ልደት ሲጻፍ ሁለተኛው መደበቁ የማይቀር ነው። እንግዲህ ነገሩን ሁሉ በአጭበርባሪ ነጋዴ ላይ መጫን የሚበቃ ማብራሪያ አይመስለንም።

በኬንያ ታርጋው ዓመት አይጽፍም፤ ፊደሎቹ በተራ ይሄዳሉ እንጂ። በ1989 በ«ኬ ኤ ኤ» የተጀመረው ተራ በ2007 «ኬ ቢ ኤ»፣ በ2014 «ኬ ሲ ኤ»፣ በ2020 «ኬ ዲ ኤ» ላይ ደረሰ። መንግሥት ይህን ለመቍጠሪያ ያደረገው ቢሆንም ሕዝቡ እንደ ዘመን ፊደል ያነበዋል፤ ሻጩም በማስታወቂያው ፊደሉን ያስቀድማል። ነገር ግን በኬንያ መንገድ ላይ ያሉት የግል መኪናዎች አብዛኞቹ በጃፓን አገልግለው የመጡ ናቸው። ጃፓን አዲስን መኪና በሦስተኛው ዓመት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ ብዙ ወጪ በሚያስከትል ምርመራ ስለምታሳልፍ (እኛ ቦሎ ለማግኘት ከምናስመረምረው ይልቅ እጅግ የጠበቀ ነው) ባለቤቱ ገና ደኅና የሆነውን መኪና ይሸጠዋል፤ መኪናውም በግራ መንገድ የሚነዳበት አገር ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ የሆነው እንዳይገባ ስለ ከለከለች፣ በ2013 ጃፓን ውስጥ የተመዘገበ መኪና በ2020 ናይሮቢ ገብቶ «ኬ ዲ ኤ» ይለጥፋል፤ ከጐኑ የቆመው አዲስ መኪናም ያንኑ ፊደል ይዟል። የዕድሜው ገደብ እንግዲህ የታርጋውን ስሕተት አላጠፋውም፤ ከስምንት ዓመት እንዳያልፍ ወሰነው እንጂ።

የጃፓን መኪና ሌላም ችግር አለው። ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው መኪና የሻንሲ ቍጥር ስለ ዓመቱ ምንም አይናገርም። ተያይዞ የሚመጣው ወረቀት የሚያሳየው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ወር ነው እንጂ የተሠራበትን አይደለም፤ ዓመቱም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቈጠራል። ሄይሴይ 20 ማለት 2008 ነው።

ይህ የአቆጣጠር ነገር ወደ አገራችን ያመጣናል። «ታርጋ» የሚለውን ቃል የወሰድነው ከኢጣሊያንኛ ነው። በአዲስ አበባ የግል መኪናዎች በሰማያዊ ኮድ 2 ሲመዘገቡ አምስቱ አሐዝ ስላልበቃ «ኤ»፣ ከዚያ «ቢ»፣ ከዚያ «ሲ» ተጨመረ፤ ልክ በሚድልሴክስ እንደ ሆነው ፊደሉ የመጣው ለቍጥር ማብዣ ነው፤ ልክ እንደዚያውም ደላላው ወዲያው ለዋጋ ማውጫ አደረገው። የአገራችን ገዥ ግን በፊደሉ ብቻ አይረካም፤ «ሞዴሉ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይህም የተሠራበትን ዓመት ማለቱ ነው። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱ ግን አቆጣጠሩ ካልተነገረ አደገኛ ነው። «2007» የተባለ ሞዴል በእኛ አቆጣጠር ነው ብሎ የወሰደው ሰው መኪናውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያህል ወጣት ያደርገዋል፤ ታርጋ ሳይቀየር፣ ወረቀት ሳይፋቅ።

በ2012 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ መጠን ታክሱ እንዲከብድ ስላደረገ፣ የተሠራበት ዓመት ከገዥና ከሻጭ አልፎ የመንግሥት ግምጃ ቤት ጉዳይ ሆነ። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በአገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ግን ከእጅ ወደ እጅ መሸጣቸው አልቀረም። በታርጋውም በሊብሬውም ያልረካ መካኒክ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ከሥሩ የተሰፋውን ትንሽ ጨርቅ ይፈልጋል፤ በመስተዋቶቹ ጥግ የታተመውንም ምልክት አጐንብሶ ያነባል። ፋብሪካው ቀበቶው የተሠራበትን ቀን በዚያ ጨርቅ ላይ ያተመው ለራሱ ቍጥጥር ነበር። ጨርቁ ተቈርጦ የተገኘ እንደ ሆነ ግን የዋጋው ክርክር እንደ ገና ይጀመራል።