ለአደጋ ለተጋለጡ አርሶ አደሮች የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ፦ ልየታ፣ የስም ዝርዝር ይፋ መሆንና የአቤቱታ አቀራረብ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት የተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋዎች እንዳይደርሱ የመከላከል፣ ሲደርሱም ለተጎጂዎች በወቅቱ ዕርዳታ የማድረስ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት ያስቀምጣል። ስለሆነም አርሶ አደሩ ድጋፉ ለማንና በምን መመዘኛ እንደተሰጠ የማወቅ መብት አለው።

በምርታማነታቸው የሚታወቁ አካባቢዎችም ከአደጋ ነፃ አይደሉም። ዲክሲስን ጨምሮ ስንዴና ገብስ በስፋት በሚመረትበት የአርሲ ዞን፣ በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ በሽታ ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎድቷል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት በተከሰተው ድርቅ ደግሞ በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የአስቸኳይ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነዋል።

የድጋፍ ዓይነቶች

አስቸኳይ ዕርዳታ ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ የሚሰጥ ሲሆን፣ በኦሮሚያ ክልል ቡሳ ጎኖፋ በዚህ ሥራ ይሳተፋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚተገበረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ በተመረጡ ወረዳዎች በተደጋጋሚ የምግብ እጥረት ለሚያጋጥማቸው ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይሰጣል። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በማኅበረሰብ ልማት ሥራ ይሳተፋሉ፤ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። በአንድ ወረዳ የትኛው ድጋፍ እንደሚሰጥ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይረጋገጣል።

የተጠቃሚዎች ልየታ

በሴፍቲኔት ፕሮግራም የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ከማኅበረሰቡ ተወካዮች ጋር ተጠቃሚዎችን ይለያል። ዝርዝሩ በሕዝባዊ ስብሰባ ቀርቦ ውይይት ይደረግበታል፤ ሕዝብ በሚያየው ቦታም ይለጠፋል። የጎረቤቱን ማሳና የጥማድ በሬ ከማንም በላይ የሚያውቀው የአካባቢው ነዋሪ ነው፤ ያለአግባብ የተካተተም ሆነ የተዘለለ ቤተሰብ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊታወቅ የሚችለው በዚህ መድረክ ነው።

አቤቱታ ስለማቅረብ

ከዝርዝሩ ያለአግባብ ቀርቻለሁ ወይም ክፍያዬ ጎድሏል የሚል አርሶ አደር አቤቱታውን በቅድሚያ ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል። ኮሚቴው ከልየታው ግብረ ኃይል የተለየ ነው። በቀበሌ ያልተፈታ ጉዳይ ወደ ወረዳ ይቀርባል። አመልካቹ የቤተሰቡን ብዛት፣ የደረሰውን ጉዳትና አቤቱታው የቀረበበትን ቀን መዝግቦ ቢይዝ ጉዳዩን ለመከታተል ይረዳዋል።

መረጃ ስለመጠየቅ

የተመደበውን ገንዘብ ወይም የክፍያ አፈጻጸም ማወቅ የሚፈልግ ማንኛውም ሰው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ጥያቄ ማቅረብ ይችላል። ምላሹ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የሌላ ግለሰብን የግል ሕይወት የሚመለከት መረጃ ግን በአዋጁ ጥበቃ ይደረግለታል። ጥያቄው ያለበቂ ምክንያት ውድቅ የተደረገበት ሰው ቅሬታውን ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማቅረብ ይችላል።