የኢትዮጵያ ልዕልት በኦፔራ መድረክ፦ ከካይሮ እስከ ወልድያ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአምባሰልን ምድር አቋርጦ ወደ ሀብሩ ይገባል፤ መርሳን አልፎም ወልድያ ይደርሳል። በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ሕዝብ ለኀዘኑም ለደስታውም ዜማ ያለው ሕዝብ ነው። ከወሎ ስም ጋር ተያይዘው የሚጠሩት ቅኝቶች ዛሬ በመላ አገሪቱ የሙዚቃ ትምህርት መሠረት ሆነዋል። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ መነሻ ከዚህ ራቅ ይላል። መነሻው ኦፔራ ነው፤ በተለይም «አይዳ» የተባለውና ዋና ባለታሪኩ ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሆነችው ኦፔራ ነው። ጥያቄው ግን ዞሮ ዞሮ ወደ ራሳችን ይመለሳል፤ ይኸውም፣ በስማችን የተዘፈነው ዜማ እንዲህ በጥንቃቄ ተመዝግቦ ሲቆይ የእኛው ድምፅ ስለምን ሳይመዘገብ ያልፋል? የሚለው ነው።

ኦፔራ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሚቀርብበት ትያትር ነው። ዘፋኞቹ በኦርኬስትራ ታጅበው፣ እንደ ልማዱም ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በሺህ ለሚቆጠር ታዳሚ ይዘፍናሉ። ከሴት ድምፆች ሁሉ ከፍተኛው ሶፕራኖ ይባላል። የዚህ ድምፅ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ የታሪኩን ዋና ሴት ሆና ትጫወታለች።

«አይዳ»ን ያሠራው የግብፅ ገዢ የነበረው ከዲቭ ኢስማኤል ነው። ኢስማኤል በ1869 እ.ኤ.አ. በካይሮ የኦፔራ ቤት አስገንብቶ ካስመረቀ በኋላ፣ ለዚሁ ቤት ክብር አንድ አዲስ ድርሰት እንዲሠራለት የኢጣሊያውን የሙዚቃ ደራሲ ጁሴፔ ቬርዲን ጠየቀ። ለድካሙም 150,000 ፍራንክ ከፈለው። የታሪኩን ንድፍ ያወጣው ኦጉስት ማርየት የተባለ ፈረንሳዊ የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ሲሆን፣ ግጥሙን የጻፈው አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ነው። ሥራው በ1871 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እንዲታይ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ፣ ፓሪስ ውስጥ የተዘጋጁት አልባሳትና የመድረክ ዕቃዎች በከበባው ምክንያት መውጣት አልቻሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርዒት ተላልፎ ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. ማለትም በአውሮፓውያን የልደት በዓል ዋዜማ ቀረበ። አይዳን ሆና የተጫወተችው ሶፕራኖ አንቶኒዬታ ፖዞኒ ነበረች። ብዙ ሰዎች «አይዳ» ለስዌዝ ቦይ ምረቃ እንደ ተደረሰ ያምናሉ፤ ቦዩ የተከፈተው ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው።

የታሪኩ ፍሬ ነገር አጭር ነው። አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ልጅ ስትሆን፣ በጦርነት ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ለልዕልት አምኔሪስ ባሪያ ሆናለች። የግብፅን ጦር የሚመራውን ራዳሜስን ትወዳለች፤ እሱም ይወዳታል። አባቷ ተማርኮ ሲመጣ ግን የግብፅ ጦር የሚሄድበትን መንገድ ከወዳጇ እንድታወጣለት ያስገድዳታል። በአባት አገርና በፍቅር መካከል ተይዛ በዓባይ ወንዝ ዳር በሌሊት ስለ አገሯ ትዘፍናለች። ይህ የሦስተኛው ገቢር ዜማ ለሶፕራኖ ከባድ ፈተና ሆኖ ይቆጠራል፤ ወደ መጨረሻው ላይ ድምፅ ከፍ ወዳለ ጫፍ ወጥቶ በለሆሳስ መያዝ አለበትና። በፍጻሜው ራዳሜስ በአገር ክህደት ተፈርዶበት በሕይወቱ በመቃብር ሲዘጋ፣ አይዳ ቀድማ ገብታ ትጠብቀዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። በኦፔራው ውስጥ የተጠራችው «ኢትዮጵያ» በጥንት ግሪኮች አነጋገር ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር የምታመለክት ናት። የጦሩ መንገድ ተብሎ የተጠቀሰው ናፓታ እንኳ በዛሬዪቱ ሱዳን የሚገኝ የኩሽ መንግሥት ከተማ ነበር። ቢሆንም ስሙ ስማችን ነው። ለካይሮ ተመልካች ደግሞ ግብፅ ኢትዮጵያን ድል አድርጋ ስትመለስ የሚያሳየው የሁለተኛው ገቢር ታላቅ ሰልፍ ተራ ተረት ብቻ ሆኖ የቀረ አይመስለኝም፤ ያሠራው ገዢ በዚያው ዘመን ግዛቱን ወደ ደቡብ የማስፋት ሐሳብ ነበረውና።

ታሪክ ግን በመድረክ ላይ እንደ ታሰበው አልሄደም። «አይዳ» በካይሮ በታየ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በጥር 1864 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በአክሱም ዘውድ ጫኑ። በ1868 ዓ.ም. ከዲቭ ኢስማኤል ጦሩን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። ጦሩ መጀመሪያ በጉንደት፣ ከጥቂት ወራት በኋላም በጉራዕ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት በአውሳ በኩል የገባው ሙንዚንገር ከብዙ ተከታዮቹ ጋር ተገደለ። በጉራዕ ከግብፅ ጦር አዛዦች መካከል አሜሪካውያን መኮንኖች ነበሩ። ከእነሱም አንዱ ዊልያም ሎሪንግ፣ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ከባርነት ደጋፊ ክፍላተ ሀገር ጎን ተሰልፎ በሚሲሲፒ ምድር ጭምር የተዋጋ ጄኔራል ነበር። ቬርዲም ቢሆን እስከ 1901 እ.ኤ.አ. በሕይወት ስለ ነበረ የዓድዋን ድል ለመስማት በቅቷል።

አሁን ወደዚያው ሚሲሲፒ እንሻገር። ሊዮንታይን ፕራይስ በየካቲት 10 ቀን 1927 እ.ኤ.አ. ሎረል በተባለች የሚሲሲፒ ከተማ ተወለደች። አባቷ በእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር፤ እናቷ አዋላጅ ነበሩ። የዘር መድልዎ ሕግ በሆነበት አገር፣ የአንዲት ጥቁር ልጅ ድምፅ ወደ ኦፔራ ቤት ይደርሳል ብሎ መገመት አስቸጋሪ ነበር። መንገዱን የከፈተችላት ማሪያን አንደርሰን ናት። በ1939 እ.ኤ.አ. ለማሪያን አንደርሰን በዋሽንግተን አንድ ታላቅ አዳራሽ በቆዳዋ ቀለም ምክንያት በተከለከለ ጊዜ፣ በፋሲካ እሑድ በሊንከን መታሰቢያ ደጅ ላይ 75,000 ለሚሆን ሕዝብ ዘፈነች። የኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራም ለዚህች ሴት በሩን የከፈተው በጥር 7 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 1947 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት ነበር። የአንደርሰን ድምፅ ኮንትራልቶ የሚባለው ዝቅተኛው የሴት ድምፅ ስለ ሆነ አይዳን የመሰለ የሶፕራኖ ሚና የምትጫወተው ሌላ ሰው መሆን ነበረባት።

ፕራይስ በልጅነቷ እናቷ ወስደዋት አንደርሰንን አዳመጠች። በኦሃዮ ከተማረች በኋላ በኒው ዮርክ ጁሊያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገባች። በ1955 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የቀረበውን «ቶስካ» ስትጫወት አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች ሳያስተላልፉት ቀሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ፣ የተመደበችው ሶፕራኖ በመታመሟ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አይዳን ተጫወተች። ቀጥሎም በቪየናና በለንደን፣ በ1960 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሚላኑ ላ ስካላ ይህንኑ ሚና ዘፈነች። በጥር 27 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. በሜትሮፖሊታን «ኢል ትሮቫቶሬ»ን ስትጫወት ታዳሚው 42 ደቂቃ ያህል እንዳጨበጨበ ይነገራል። በዚያው ዓመት ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር የገና መዝሙሮችን አስቀረጸች፤ ሸክላውም የበዓል ሰሞን ወዳጅ ሆኖ ቆየ። በ1966 እ.ኤ.አ. አዲሱ የሜትሮፖሊታን ሕንፃ ሲከፈት በመክፈቻው ምሽት ዋናውን ሚና የያዘችው እሷ ነበረች። በዚህ ቤት ብቻ 200 ያህል ጊዜ ዘፍናለች።

ከኦፔራ መድረክ የተሰናበተችው በጥር 3 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ነው። ለስንብቷ የመረጠችው «አይዳ»ን ነበር። ትርዒቱ በበዓላት ሰሞን ለመላ አሜሪካ በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ። የሦስተኛውን ገቢር የአገር ናፍቆት ዜማ ስትፈጽም ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ጭብጨባውም አልቆም ብሎ ለደቂቃዎች ቀጠለ። ከባርነት የወጣ ሕዝብ ልጅ፣ ባሪያ የሆነችን የኢትዮጵያ ልዕልት ሆና፣ ዳግመኛ ስለማታያት አገር ዘፈነች።

ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ገና ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ያንን ገና ወሎ እንዴት እንዳሳለፈው ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ከሁለት ወር ተኩል በፊት፣ በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከቆረም የተነሣው የቢቢሲ ፊልም ረኀቡን ለዓለም አሳይቶ ነበር። ወልድያና መርሳ ያሉበት ይህ ጎዳና የእህል መኪናና የተራበ ሰው መንገድ ሆኖ ነበር። ፕራይስ ከተሰናበተች በ25 ቀናት ውስጥ በሎስ አንጀለስ የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰብስበው ለርዳታ የሚሆን ዘፈን አስቀረጹ። እንግዲህ በአንድ ወር ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ሁለት ጊዜ በዜማ ተጠራ፤ አንድ ጊዜ የልዕልት አገር ተብሎ፣ አንድ ጊዜ የረኀብተኛ አገር ተብሎ። በሁለቱም ጊዜ የዘፈኑት ሌሎች ናቸው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ የመጀመሪያው ታላቅ ጥበብ፣ ሁለተኛውም ነፍስ ያተረፈ ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ወሎ ራሱ በዚያ ወር ምን እንደ ዘፈነ፣ ማን እንዳለቀሰና በምን ቅኝት እንዳለቀሰ የተመዘገበው እጅግ ጥቂት ነው።

ለመሆኑ ወሎ የሚዘፍነው በምንድን ነው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ድምፅ አላቸው። ትዝታን ከዶ ብንጀምር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናል። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ላ ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ ከዶ ተነሥቶ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ይይዛል። ሁለቱ በቦታ ስም የሚጠሩ ናቸው፤ አምባሰልም የሀብሩ ጎረቤት ነው። በላሊበላ የኪነት ቡድን ያደገችው ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትዘፍን የሰማ ሰው፣ ከፍ ያለ የሴት ድምፅ በሜዳና በተራራ መካከል ያለ ማጉያ እንዴት እንደሚጓዝ ያውቃል። የሜትሮፖሊታን አዳራሽ 3,800 ያህል ሰው ይይዛል፤ የየጁ ሠርግ ዳስም ቢሆን በጭብጨባና በእልልታ መካከል ድምፁን ለሁሉ ማድረስ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ሥልጠናው ይለያይ እንጂ የትንፋሽ ድካሙ አንድ ነው።

ትልቁ ልዩነት በመዝገቡ ላይ ነው። ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ፕራይስ የዘፈነችበትን እያንዳንዱን ምሽት ከነቀኑ፣ ከነሚናው፣ ከነአብረዋት የተጫወቱት ሰዎች ስም ጽፎ አስቀምጧል። ያ የካይሮ ኦፔራ ቤት ራሱ በጥቅምት 28 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በእሳት ጋየ፤ ወረቀቱና የሰው ትውስታ ግን ስለ ቀረ የመጀመሪያዪቱን አይዳ ስም ዛሬም እንጠራለን። በእኛ በኩል፣ ከአብዮቱ በኋላ በየቀበሌውና በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ስንት ወጣት ሴቶች በበዓላት መድረክ እንደ ዘፈኑ በዕድሜ የገፉ ባልደረቦቻችን ያስታውሳሉ። ስማቸውን፣ የዘፈኑበትን ዓመት፣ ዜማውን ከማን እንደ ተማሩት የሚናገር ደብተር ያለው ግን ምን ያህል ነው? ድምፅ ሕንፃ አይደለም፤ ሲያልፍ ፍርስራሽ እንኳ አይተውም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየትምህርት ቤቱና በየአዳራሹ በእንቁጣጣሽ፣ በገና፣ በመውሊድ ወይም በፋሲካ ሰሞን የሙዚቃ ዝግጅት ማቅረብ ልማዳችን ነው። ከነዚህ ዝግጅቶች በአንዱ የ«አይዳ»ን የሦስተኛ ገቢር ዜማ በቅጂ እናሰማ፤ ታሪኩን፣ ጉንደትንና ጉራዕን ለተማሪዎቻችን እንንገር። ወዲያውም ከሀብሩ ወይም ከወልድያ ዙሪያ አንዲት እናት ተጋብዘው አምባሰልን ወይም መንዙማን በራሳቸው ድምፅ ያሰሙ። ከዝግጅቱ በኋላ አንድ መምህር ቁጭ ብሎ ይጻፍ፤ ፈቅደው የነገሩትን ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የተማሩበትን ዘመን፣ ቅኝቱን፣ ዜማው የሚባልበትን ጊዜ። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ያስፍር። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው፤ የእጅ ስልክ ደግሞ ዛሬ መቅረጫም ነው።

የአሞናስሮ ልጅ በፈረንሳዊና በኢጣሊያውያን ብዕር የተፈጠረች ሴት ናት፤ ሆኖም ዘፋኞቿ ሁሉ በስም ይታወቃሉ። በመርሳና በወልድያ መካከል ባሉት መንደሮች የሚያንጎራጉሩት ሴቶች በእውነት የነበሩና ያሉ ናቸው፤ የማይታወቀው ስማቸው ነው። ይህን መገልበጥ በእጃችን ያለ ሥራ ነውና፣ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ቢያንስ የአንዲቱን ታሪክ ከነቀኑና ከነቅኝቱ አትመን ለማንበብ ያብቃን።