ገበያ ወርዶ የሚማር ተማሪ

በ1901 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሻንጋይ ላይ አንድ የጃፓን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ስሙ ቶዋ ዶቡን ሾይን። ዓላማው ከቻይና ጋር የሚነግድ ወጣት ማውጣት ነው። ተማሪዎቹ ጃፓናውያን ሲሆኑ ብዙዎቹን የላካቸውና ወጪያቸውን የቻለላቸው የየትውልድ አካባቢያቸው አስተዳደር ነበር። ሦስት ዓመት ቻይንኛና ንግድ ይማራሉ። እስከዚህ ድረስ የሚገርም ነገር የለም፤ ጉዱ የሚመጣው መጨረሻው ዓመት ላይ ነው።

ያኔ ተማሪዎቹ ጥቂት ጥቂት ሆነው ይከፈሉና ለወራት ቻይናን ሊዞሩ ይወጣሉ። በባቡር፣ በጀልባ፣ በእንስሳት ጀርባ፣ ያም ሲጠፋ በእግር። በየደረሱበት የገበያውን ዋጋ፣ ሚዛኑን፣ ምንዛሪውን፣ መንገዱን፣ የነጋዴ ማኅበራቱን አሠራር ይመዘግባሉ። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! በዚያን ዘመን ቻይና ውስጥ ብር የሚመዘንበት ታኤል እንኳ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ እዚህ ሙሉ የተባለው እዚያ ሲደርስ ይጎድላል። (ቁና ከአውራጃ አውራጃ ሲለያይ ያዩ አያት ያሏችሁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል።) ይሄን ደግሞ ከመጽሐፍ አታገኙትም፤ ገበያ ወርዶ ማየት ብቻ ነው። በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ 700 ያህል መስመሮች ተጓዙ። ከሪፖርታቸው ተውጣጥቶም ከ1917 እስከ 1920 የቻይናን አውራጃዎች አንድ በአንድ የሚዘረዝር 18 ቅጽ መጽሐፍ ታተመ።

ታዲያ መንገድና ዋጋ እየመዘገበ የሚዞር ልጅ ነጋዴ ነው ወይስ ሰላይ? ቻይናውያን ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። የዚህ ትምህርት ቤት ቀዳሚ የሆነውን የንግድ ጥናት ተቋም በ1890 እዚያው ሻንጋይ የከፈተው አራዎ ሴይ የጦር መኮንን ነበር። በ1894 ጦርነት ሲነሳ ከእሱ ዘንድ የተማሩት ልጆች አስተርጓሚና ሰላይ ሆነው ዘመቱ፤ ተይዘው የተገደሉም አሉ። በ1937ቱ ጦርነትም የቶዋ ዶቡን ተማሪዎች ለሠራዊቱ አስተርጓሚነት ተሰለፉ። በእኔ ግምት አብዛኞቹ ልጆች የመጡት እንጀራ ፍለጋ ነው፤ ግን ደብተሩን በኋላ ማን እንደሚያነበው የሚወስኑት እነሱ አልነበሩም።

በ1945 ጃፓን ስትሸነፍ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። መምህራኑ ለቻይንኛ-ጃፓንኛ መዝገበ ቃላት ሲያጠራቅሟቸው የኖሩት 140,000 ያህል ካርዶች በቻይናውያን እጅ ቀሩ። አገራቸው የተመለሱት መምህራን በ1946 አይቺ ዩኒቨርሲቲን መሠረቱ። ቻይና ካርዶቹን በ1954 መለሰች፤ መዝገበ ቃላቱም በ1968 ታተመ።