በጋራ ውርስ ላይ የግዢ ቀዳሚነት መብትን መተው (ፈረንሳይ)

አንድ ወራሽ ያልተከፋፈለ ድርሻውን ለባዕድ ሊሸጥ ሲነሳ፣ አብረውት የወረሱት “በዚያው ዋጋ እኛ እንግዛው” የማለት መብት አላቸው። መብቱን ሳይጠቀሙበት ማለፍ የግዢ ቀዳሚነትን መተው ይባላል። በፈረንሳይ ጉዳዩ የሚመራው በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 815-14 ሲሆን፣ ድንጋጌው የመጣው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1976 በወጣ ሕግ ነው። ቀድሞ በአንቀጽ 841 መሠረት ወራሾች ሽያጩ ካለቀ በኋላ ለገዢው ገንዘቡን መልሰው ያስወጡት ነበር። አዲሱ ሕግ ጥያቄውን ከሽያጩ በፊት አደረገው።

ሦስት ልጆች ከእናታቸው የገጠር ቤት ወረሱ እንበል። አንደኛው ሲሶውን በ60,000 ዩሮ ለጎረቤት ሊሸጥ ተስማማ። ለሁለቱ እህቶቹ ነገሩን በምሳ ሰዓት ቢያነሳው ወይም በስልክ ቢነግራቸው አይበቃም። ዋጋው፣ የሽያጩ ሁኔታ፣ የገዢው ስም፣ መኖሪያና ሙያ የተጻፈበት ማስታወቂያ በኮሚሴር ደ ዡስቲስ እጅ ሊደርሳቸው ይገባል፤ ይህ ሹም እስከ እ.ኤ.አ. 2022 አጋማሽ ድረስ ዊሲዬ ይባል ነበር። ጥብቅነቱ ተገቢ ነው። ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ይቆጠራል፤ ወሩን በዝምታ ያሳለፈች እህት መብቷን ትታለች።

መተው በሌላ መንገድም ይመጣል። ወራሹ እንደማይገዛ በጽሑፍ አረጋግጦ ሊፈርም ይችላል። “እገዛለሁ” ብሎ መልስ የላከም ቢሆን በሁለት ወር ውስጥ ውሉን መፈጸም አለበት፤ ካልፈጸመና ማስጠንቀቂያ ደርሶት 15 ቀን ካለፈ፣ መልሱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። የአንዷ እህት መተው ሌላዋን አያስርም። ሁለቱም ከፈለጉ በየድርሻቸው መጠን ይገዛሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የግዢ ቀዳሚነትን መተው ውርስን አልቀበልም ማለት አይደለም። የፈረመችው እህት ሲሶዋ እንዳለ ነው። የተወችውም በማስታወቂያው ላይ ለተጻፈው ገዢና ዋጋ ብቻ ነው፤ ነገ ሌላው ወራሽ ድርሻውን ለባዕድ ልሽጥ ቢል መብቷ እንደገና ይነሳል። ስጦታ ግን ከመጀመሪያውም ይህን መብት አያስነሳም፤ ድርሻውን ለአብሮ ወራሽ መሸጥም እንዲሁ።

ፊርማው ቀላል የማይሆነው ከአንቀጽ 815 የተነሳ ነው። ማንም ሰው በጋራ ባለቤትነት እንዲቆይ አይገደድም። ጎረቤትየው ሲሶውን ከገዛ በኋላ ክፍፍል ሊጠይቅ ይችላል፤ ቤቱ ለሦስት የማይከፈል ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ሐራጅ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእናታቸውን ቤት ማቆየት የሚፈልጉ እህቶች ማመዛዘን ያለባቸው የሲሶውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቤቱን ዕጣ ጭምር ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ከቁጥር 1386 ጀምሮ፣ ገዢን ተክቶ የመግባት መብትን ይደነግጋል።

በፈረንሳይ ማስታወቂያ ሳይሰጥ የተደረገ ሽያጭ ሊፈርስ ይችላል። ይህን መጠየቅ የሚችሉት ማስታወቂያው ሊደርሳቸው ይገባ የነበሩት ወራሾች ወይም የእነሱ ወራሾች ብቻ ሲሆኑ፣ ክሱ በአምስት ዓመት ይርጋ ይታገዳል።