ምስማር የማያውቀው ጀልባ

ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ልትገዙ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ? ቆሮሶውና አምባዛው የሚራገፍበትን ሁሉ «ጀልባ» እንለዋለን። እንጨቱም፣ ፋይበሩም፣ ባለሞተሩም ጀልባ ነው። ቃሉ ግን ከየት መጣ?

ከቀይ ባሕር ነው፤ በዓረብኛ በኩል። እዚያ «ጀልባ» ሲባል ሳንቃው በገመድ የተሰፋ፣ አንድም ምስማር ያልገባበት ማለት ነበር። የአንዳሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይር በ1183 (እ.ኤ.አ.) ከአይዛብ ወደ ጅዳ የተሻገረው በዚህ ነው። ሳንቃዎቹ ከኮኮናት ቃጫ በተገመደ ገመድ እንደሚሰፉ፣ ከዚያም ቅቤ፣ የጉሎ ዘይት ወይም የሻርክ ዘይት እንደሚቀቡ ጽፎልናል።

ምስማር ለምን ቀረ? በ6ኛው ክፍለ ዘመን «ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ አለ» ይባል ነበር። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ይህን ተረት አለው፤ ብረት የበዛባቸው የሮማ መርከቦች እዚያው ባሕር ላይ በሰላም ይሄዱ ነበርና። ምክንያቱ ሌላ ነው አለ፦ ሕንዶችና ኢትዮጵያውያን ብረት የላቸውም፤ ሮማውያንም እንዳይሸጡላቸው በሕግ ተከልክለዋል።

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከእሱ 500 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የነጋዴዎች መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ የሕንድ ብረት ይገባ እንደነበር ይዘረዝራል። ብረቱ ጦር ለመሥራት ከበቃ ለምስማር እንዴት ያንሳል? መልሱን ከጊዜ በኋላ ኢብን ባጡታ ሰጥቶናል፦ በምስማር የተመታ መርከብ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰበራል፤ የተሰፋው ግን ይለመጣል እንጂ አይፈርስም። ስለዚህ መስፋት የድህነት ሳይሆን የዕውቀት ምርጫ ነበር።

ይህን የማነሳው የፕሮኮፒየስን ፍርድ እኛም ስለምንደግመው ነው። ጣና ላይ ደንገል አስሮ ታንኳ የሚሠራውን ሰው «ሌላ ስለሌለው ነው» እንላለን። በዚህ ሙያ የሚታወቁት ወይጦዎች ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል። ታንኳቸው ግን ያለ አንድ ምስማር ሰውና እህል ሲያሻግር ኖሯል። ማሰርንና መስፋትን የናቀ ሰው፣ በየቀኑ የሚጠራው ቃል የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ረስቷል ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ? ባሕርም አሻግሯል። በሚቀጥለው ጊዜ አሞራ ገደል ስትወርዱና «ጀልባው መጣ!» ሲባል ስትሰሙ፣ ያንን ገመድ አስታውሱት።